ለሦስት የከፈልሁት መጽሐፍ

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ሙሀመድአወል
አሰብ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? ባለፈው ደብዳቤዎ «ከመርከብ ጆንያ ሲወርድ ቆሜ ስቆጥር ስለምውል ጠዋት ጠዋት ወገቤ አልታዘዝ ይለኛል» ብለውኝ ነበርና ከሐሳቤ አልወጣም። የአሰብ ሙቀትስ ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል? እቴ ሐዋ እንዴት ናቸው? የትንሹ የአንዋር ጆሮ ለቀቀው ወይ? ጀማልና ፈቲያስ ትምህርታቸውን እንዴት ይዘዋል? እኛ በአላህ ፈቃድ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ በሥጋችን ደህና ነን። ዝናቡ ገና ነው፤ ሐይቁ ከዳር ሸሽቷል፤ ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል።

ደህና ነን ያልሁት ስለ ሥጋችን ብቻ ነው። የቀረው ረዘም ይላል፤ መካከል ላይ ተቆጥተው እንዳያጥፉት፣ እስከ መጨረሻው አንብበው እንዲፈርዱ እለምንዎታለሁ። በፖስታ ሳይሆን በሾፌሩ በተክለ ጊዮርጊስ እጅ የላክሁት፣ ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያነብበው ነው።

እኔ ዘንድ ሆና ለምትማረው ለልጅዎ ለሐሊማ ኒካህ የላኩት የውክልና ወረቀት መጋቢት ሃያ ስምንት ቀን ደርሶኛል። እርስዎ እስከዚህ መምጣት ስለማይችሉ፣ ሼህ ኑርሁሴን በእርስዎ ፈንታ ወልይ ሆነው ለሙሀመድየሱፍ እንዲድሯት የፈቀዱበት፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት ነው። ለሼህ ኑርሁሴን አልሰጠሁም። ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ከረመዳን በፊት ሠርጉ እንዲያልቅላቸው ስለሚፈልጉ የሙሀመድየሱፍ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተው «ከአሰብ መልስ አልመጣም ወይ?» ብለውኛል። ሁለት ጊዜም «አልመጣም» አልሁ። እኔ በሚዛንም በቃልም እንደማልዋሽ ያውቃሉ፤ ይህን ግን ዋሽቻለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገርዎ።

ሙሀመድየሱፍን በኅዳር ወር ለእርስዎ ያመሰገንሁት እኔ ነኝ። «የወረታ የእህል ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሶላቱን አያቋርጥም፤ መጠጥ አይነካም፤ ለሐሊማ የሚጽፈውን ደብዳቤ ቢያዩ እንዲህ ያለ ፍቅር በመጽሐፍ እንጂ በሰው አይቼ አላውቅም» ብዬ ጻፍሁ። እርስዎም የእህትዎን ዓይን አምነው ፈቀዱ። ስለዚህ አሁን የምነግርዎትን ሁሉ ሲያነብቡ፣ ጥፋቱ ከእኔ እንደጀመረ ይያዙልኝ። የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ያውቃሉ፤ ቀኖቹን የምጠቅስልዎት ከዚያ እየገለበጥሁ ነው።

የመጽሐፉን ነገር ላስቀድም፤ ያለ እሱ ቀሪው አይገባዎትም። በሱቄ ከደብተሩና ከሳሙናው በስተኋላ ባለው መደርደሪያ ልብ ወለድ አከራያለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ካመጣሁት ጆንያ ውስጥ አንድ ወፍራም አሮጌ መጽሐፍ ተገኘ። ከውጭ አገር ቋንቋ የተመለሰ ነው፤ ሽፋኑና ስሙ ያለበት ገጽ ተገንጥሎ ወድቋል። አሥር ገጽ ያህል አነበብሁና የፍቅር መጽሐፍ ነው አልሁ። በገደል አፋፍ ላይ ያለ ትልቅ ቤት ጌታ የአንድ መምህር ልጅ ይወድዳል፤ ዝናብ እየወረደበት ከመስኮቷ በታች ቆሞ ይውላል፤ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይጽፍላታል። ይህን ያህል ካየሁ በቃኝ፤ የምሸጠውን ሳሙናም ሁሉ ታጥቤበት አላውቅም።

ወፍራም መጽሐፍ ለአከራይ አይመችም። አንዱ ወስዶ ሁለት ሳምንት ሲያስቀምጠው ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ስለዚህ በሥራችን ሁሉም እንደሚያደርገው በቢላ ለሦስት ከፈልሁት፤ እያንዳንዱን በካርቶን ጠርዤ ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት ብዬ ጻፍሁበት። ክፍል አንድ ሠርጉ ላይ እንዲያልቅ አድርጌ ነው የቆረጥሁት፤ ደስ ብሎት የሚመልስ ሰው ሌላ መጽሐፍም ይወስዳል ብዬ። ከቀን መቁጠሪያ ላይ የጽጌረዳ ሥዕል ቆርጬም ለጠፍሁበት።

ክፍል አንድ መደርደሪያ ላይ ውሎ አያውቅም። ሁለት ጊዜ እንደገና ጠርዤዋለሁ። የከተማው ሴት ተማሪዎች፣ የባንክ ጸሐፊዎች፣ የነርስ ተማሪዎች፣ የወታደር ሚስቶች፣ ሁሉም ወስደውታል። ክፍል ሁለትን ከአምስቱ አንዱ ይጠይቃል። ክፍል ሦስትን በሦስት ዓመት ውስጥ የወሰዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሳያነብብ መለሰው። ሁለተኛዋ መምህርት የሺመቤት ናት።

የሺመቤት ከጅማ የመጣች ናት፤ ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል፤ እሷ ለሐሊማ ክፍል አማርኛ ታስተምር ነበር። ሦስቱን ክፍሎች አንብባ ስትመልስ ባንኮኒው ላይ አስተካክላ ደረደረቻቸውና «ወይዘሮ ዘይነት፣ ይህን መጽሐፍ እኮ አንገቱን ቆርጠው ነው የሚያከራዩት» አለችኝ። እኔም «አንገት የሌለው በግም ይሸጣል» አልኋት። ሳቀች፤ ሳቋን ግን ወዲያው ተወችው። «ይህ የፍቅር መጽሐፍ አይደለም። ሰው በቁሙ እንዴት እንደሚቀበር የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ልጆቹ ጽጌረዳውን እያዩ ይወስዱታል፤ ሠርጉ ላይ ያቆሙና ባሏን ሲመኙ ይኖራሉ» አለች። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ላስተምረው ብላ ለአንድ ወር ለመነችኝ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ካልሰጡኝ አንዱንም አልወስድም አለች። ሰጠኋት። የሰጠኋት ነገሯ ገብቶኝ ሳይሆን፣ መምህር ተማሪ ያመጣል ብዬ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መጽሐፉን ሙሀመድየሱፍ ወስዶት ነበር። መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ለአባቱ መደብር ደብተር ሊገዛ መጣ፤ ሐሊማ ባንኮኒው ላይ ነበረች። ያን ቀን ክፍል አንድን ይዞ ሄደ። አሥራ ሁለት ቀን አስቀመጠው። በማስታወሻዬ ላይ «የወረታው ልጅ ንባብ ላይ ዘገምተኛ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ዘገምተኛ አልነበረም፤ እየገለበጠው ነበር። በጥቅምት ለሐሊማ መምጣት የጀመሩት ደብዳቤዎች ቃል በቃል የገደሉ ቤት ጌታ ደብዳቤዎች ናቸው። እኔ ካነበብኋቸው አሥር ገጾች ስላልነበሩ አላወቅሁም፤ ሐሊማ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለች። ተደበቀብኝ እንዳይሉ፣ የገለበጠው መሆኑ ነው ልቧን የወሰደው። ለጓደኛዋ ለእናትዓለም «የእናንተ ወንዶች ከፖስት ካርድ ይገለብጣሉ፤ የእኔ ከመጽሐፍ» ትላት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየቀኑ ሳየው ትንንሽ ነበር። አሁን ከማስታወሻዬ ላይ አንድ ላይ ስደረድረው ነው የሚያስፈራኝ። ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን ሐሊማ ወንበሯን ከሱቁ ደጅ አንስታ ወደ ጓዳው አስገባች። ለምን ብላት «አላፊ አግዳሚው ሲያየኝ ሙሀመድየሱፍ ደስ አይለውም» አለች። ጥር ስምንት ቀን እናትዓለም መጥታ «ሐሊማ የለችም?» ስትል ሐሊማ ከጓዳ ሆና በእጇ የለችም በያት አለችኝ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው የተማሩ ልጆች ናቸው። በጥር መጨረሻ የመልቀቂያ ፈተናውን ፎርም ሳትሞላ ልትቀር ነበር፤ የሺመቤት ቢሮ አስጠርታ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ አስሞላቻት። ሙሀመድየሱፍ ያን ሰምቶ ሦስት ቀን ሙሉ መኪናውን ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት አቁሞ ውሏል። ልጃገረዶቹ በመስኮት እያዩ «አቤት ስትታደል» ይሏት ነበር። እኔም ከሱቄ ሆኜ ይህን ሰምቼ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ የሌለው ሰው ነው ወይ አልሁ እንጂ ሌላ አላሰብሁም።

የሺመቤት መጽሐፉን በየካቲት አስተማረችው። እንዴት እንዳስተማረችው እናትዓለም ነግራኛለች። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ በየተራ ጮክ ብለው ያነብባሉ። የሺመቤት አንድ ሥራ ሰጠቻቸው፤ ሴትዮዋ በአፏ የተናገረችውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ፣ እሱ የተናገረውን ተዉት አለች። ከክፍል አንድ ስድሳ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወጣ። በክፍል ሁለት ሰውዬው አገልጋይዋን ያሰናብትባታል፤ ቀጥሎ እህቷ እንዳትመጣ ያደርጋል፤ ወደ መንገድ የሚያየውን መስኮት በድንጋይ ያስደፍናል፤ ሁሉንም የሚያደርገው እየተንበረከከና እያለቀሰ ነው። ከዚያ ክፍል አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ወጣ። ከክፍል ሦስት ሦስት ብቻ። ሦስቱም ውኃ የምትለምንባቸው ናቸው። ከዚያ ትሞታለች።

የሺመቤት ደብተራቸውን ከፍተው እንዲያዩት አደረገችና «ይህ ፍቅር ነው?» አለቻቸው። አስናቀ የሚባለው ቀልደኛ ልጅ «ዝም ያለችው እሷ ናት እንጂ፣ ብትነግረው ኖሮ መስኮቱን ይከፍትላት ነበር» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ግማሾቹ ሴቶች ሲነበብ ያለቅሱ ነበር። የሺመቤት ለማን እንደሚያለቅሱ ጠየቀቻቸው። ሐሊማ ተነሥታ ያለችውን ለሌላ ሰው ብናገር አያምነኝም፤ ለእርስዎ ግን እነግርዎታለሁ። «ለእሱ ነው የማለቅሰው፤ በዚያ ትልቅ ቤት ብቻውን ቀረ» አለች።

ወንድም ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት የልጃገረድ ብቻ ቢሆን በተጽናናሁ። በመጋቢት መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ኃላፊ የሆነ ጓድ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መምህርቷ ወጣቱን በበሰበሰ የመሳፍንት የፍቅር ተረት ታደነዝዛለች» ብሎ ከሰሳት። እሷም «ጓድ፣ ሦስተኛውን ክፍል አንብበውታል?» ብላ ጠየቀችው። «የመጀመሪያው ይበቃል፤ መልኩ የታወቀ ነው» አለ። ይህን ጓድ አውቀዋለሁ። ክፍል አንድን በሚስቱ ስም ሁለት ጊዜ ወስዷል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ገጹ ላይ ሻይ አፍስሶበት መልሷል። በሳምንቱ የሺመቤትን ከዱርቤቴ ወዲያ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት አዛወሯት። ባሏና ልጇ እዚህ ቀሩ። ልጅቷም ጓዱም አንድ ዓይነት ነው ያነበቡት፤ አንደኛዋ ወደደችው፣ ሌላው ጠላው። ሁለቱም የሥራዬ ውጤት ናቸው።

የሺመቤት ከመሄዷ በፊት መጽሐፉን መለሰችልኝ። ሦስቱን ክፍሎች በወፍራም ክር አንድ አድርጋ ሰፍታቸዋለች፤ ጽጌረዳውን ልጣ ጥላ በባዶ ካርቶን ሸፍናዋለች። «አሁን ለመቁረጥ እንኳ ይከብድዎታል» አለችኝ። እኔም ተሰናበትኋትና መጽሐፉን ከባንኮኒው ሥር ከተትሁት።

መጋቢት አሥራ አራት ቀን ጨውና ሳሙና ይዤ ወደ ደቅ ደሴት ስሄድ ይዤው ተሳፈርሁ። ጀልባው ላይ ሥራ የለም፤ ዘጌን እንዳለፍን ከፈትሁት። ካነበብኋቸው አሥር ገጾች ቀጥሎ ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብሁ፤ ለሐሊማ የመጡትን ደብዳቤዎችም እዚያ አገኘኋቸው። ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያለሁበት ሥራ ነው፤ የማከራየውን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ሳነብብ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ደቅ ስንደርስ ጨው የሚረከቡኝ ሰዎች ከዳር ሆነው ሲጠሩኝ አልሰማሁም፤ አንዱ ገብቶ ትከሻዬን ነካኝ።

የመጨረሻውን ገጽ ልንገርዎት። ሰውዬው ሚስቱን ከቀበረ በኋላ በጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ለታናሽ እህቷ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው በክፍል አንድ ለሟቿ የጻፈው የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። አንድ ቃል አልለወጠም። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔ በነገር የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ዕቃ ሲያጠራጥረኝ ከየት እንደመጣ እጠይቃለሁ። መጋቢት ሃያ አራት ቀን ክር ለመግዛት ወረታ ሄድሁና፣ ሳልቸኩል፣ ከማውቃቸው ሴት ነጋዴዎች ጋር ስለ ሙሀመድየሱፍ አወራሁ። ሁሉም አመሰገኑት። አንዷ ብቻ «የመጀመሪያዋም እንዲሁ ቆንጆ ነበረች» አለችና አፏን ያዘች። የመጀመሪያ ሚስት እንዳለችው ያን ቀን ሰማሁ። መዲና ትባላለች፤ ዓመት ሳይሞላት ወደ ወንድሟ ቤት ተመልሳለች፤ አሁን ለእጇ ሕመም ወንዛዬ ፍል ውኃ ላይ ናት አሉኝ። ውክልናዎ በአራተኛው ቀን ደረሰኝ። በዚህ ምክንያት ነው መሳቢያ ውስጥ ያቆየሁት፤ ሴትዮዋን ሳላይ አላደርስም አልሁ።

ሚያዝያ ሦስት ቀን ከመኪና ወርጄ በእግሬ ወንዛዬ ገባሁ። መዲናን ከዳስ ሥር ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ አገኘኋት። የሃያ ዓመት ልጅ ትሆናለች፤ የቀኝ እጇ አንጓ አይታጠፍም። ማን እንደሆንሁና ለምን እንደመጣሁ ሳልደብቅ ነገርኋት። «ምን በደለሽ?» አልኋት። «ምንም አልበደለኝም፤ ይወደኝ ነበር» አለች። ከዚያ ነገሩን በጥቂት በጥቂቱ ነገረችኝ። ጎንደር ሲሄድ በሩን ከውጭ ቆልፎ ይሄዳል። የግቢውን አጥር ሁለት ጊዜ አስጨምሮ አስረዝሟል። ለዒድ ሊጠይቋት የመጡ ዘመዶቿን «ተኝታለች» ብሎ ከደጅ መልሷቸዋል። አንድ ቀን የወንድሟን ድምፅ ሰምታ በሩን ልትከፍት እጇን ስታሾልክ በሩን ዘጋው። «እጄን ሳያየው ነው» አለች። ወንድሟ አጠገቧ እንደተቀመጠ «አይቶ ነው» አለ። 

ደብዳቤ ይጽፍልሽ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ከዚያ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ማንበብ አትችልም፤ የጎረቤት ተማሪ እያነበበላት በቃሏ ይዛዋለች። ከፍቼ አየሁት። «ሌላ ዓይን ባየሽ ቁጥር ከዕድሜዬ አንድ ቀን ይወድቃል» ይላል ሲጀምር። የሐሊማም የመጀመሪያ ደብዳቤ እንዲሁ ነው የሚጀምረው። ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ የተለወጠው ስሟ ብቻ ነው። ቤቴ ገብቼ ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ብገልጥ፣ ለካ ክፍል አንድን ከሁለት ዓመት በፊትም አንድ ጊዜ ወስዶት ኖሯል። ወንድሟን ለመንሁት፤ እሷም ፈቀደችና ወረቀቱን ሰጡኝ።

ሚያዝያ አምስት ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ሱቁን ሳልከፍት ሐሊማን ጠርቼ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀመጥሁላት። የመዲናን እጅ ነገርኋት፤ አንድም አልጨመርሁም። ሁለቱንም ቀስ ብላ አነበበቻቸው። እኔ በዚያች ሰዓት ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር፤ ዕቃውን ከነጉድለቱ ያየ ሰው አይገዛም ብዬ። ሐሊማ ወረቀቶቹን አጣጥፋ መለሰችልኝና «ለእሷ ሲጽፍ እኔን እየፈለገ ነበር፤ እስኪያገኘኝ ድረስ ቃሉን ማን ጋ ያስቀምጠው?» አለችኝ።

 የመጨረሻውን ገጽ አስታወስኋት፤ «አውቀዋለሁ፤ እሷ ስላልገባችው ነው እኮ የሚደግመው» አለች። መዲና ስላልገባችው ነው፣ የመጽሐፉ ሴት ስላልገባችው ነው፣ ለሐሊማ ግን ይገባታል። ተቆጥቼ፣ የእጅ አንጓ ሲሰበር የሚገባ ነገር ምንድን ነው አልኋት። ቀና ብላ «አክስቴ፣ እርስዎ ፍቅርን የሚያውቁት በመደርደሪያ ላይ ነው» አለችኝና ወጣች። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ውሸትም አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አትበላም፤ እናትዓለምንም እኔንም ከበሽታ እኩል ታየናለች። ለሽማግሌዎቹ «አባቴ ይፈቅዳል» ብላቸዋለች።

እርስዎ በደብዳቤዎ «ልጅቷ ከወደደችው ምን ቸገረን፣ ዘመኑ የእነሱ ነው» ብለዋል። ቃሉ የደግ አባት ቃል ነው። ነገር ግን ወንድም ጋሼ፣ በኅዳር የጻፍሁልዎት ደብዳቤ ክፍል አንዱ ብቻ ነበር። ሠርጉ ላይ ቆርጬ፣ ጽጌረዳ ለጥፌ ነው የላክሁልዎት። እርስዎ የፈረሙት በዚያ ላይ ነው። ሙሉውን ሳያውቁ የሰጡት ፈቃድ ከእኔ እጅ ወጥቶ ለሼህ ኑርሁሴን አይደርስም።

ስለዚህ ውክልናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌ መልሼልዎታለሁ። አልቀደድሁትም፤ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ነው፤ መቅደድ የእርስዎ ነው። ይህን ሁሉ አንብበው አሁንም ይሁን የሚሉ ከሆነ በሌላ ሰው እጅ ይላኩት፤ የሚያደርስ አይጠፋም። እንዲያ ካደረጉ እኔ ከሠርጉ አልቀርም፤ እመጣለሁ፤ ልብሷንም እኔ አሰፋለሁ፤ ለሌላ ሰው ግን መልካም ነው ብዬ አልናገርም።

አይሆንም የሚሉ ከሆነ ደግሞ ሽማግሌ አይላኩባት፤ በእኔም በኩል አይጻፉላት። የእኔ ቃል ከእሷ ዘንድ ረክሷል። በራስዎ እጅ፣ በስሟ፣ ለእሷ ይጻፉ። ፈተናው እስኪያልቅ እዚህ ትቆይ፤ ከዚያ ተክለ ጊዮርጊስ ሲመለስ ወደ እናንተ ትምጣ። የሺመቤት ከሄደች ወዲህ አብሯት የሚያጠና የለም፤ ቢሆንም ደብተሯን አንዳንድ ቀን ገልጣ ትቀመጣለች፤ ይህን በጓዳው በር ክፍተት አያለሁ። እምቢ ቢሏት ወደ ወረታ ልትሸሽ ትችላለች። ይህንንም አስቤዋለሁ። ቃዲው ያለ እርስዎ ቃል ኒካህ እንደማያስርላት ታውቃለች፤ ሙሀመድየሱፍም ያውቃል። እስካሁን ከመሸሽ ያቆያት ይኸው ብቻ ነው፤ ከእኔ አጥር ይልቅ የእርስዎ ዝምታ ይጠብቃታል። እኔ ጠላቷ ሆኜ ብቀር እችለዋለሁ።

ለሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አልዋሽም። መልስ መጥቶ ነበር፣ መልሼ ልኬዋለሁ እላቸዋለሁ። የሙሀመድየሱፍ አባት በገበያው ውስጥ እጁ ረዥም ነው፤ ከወረታ የሚመጣልኝ ክርና ጨርቅ ከዚያ በኋላ አይመጣም ይሆናል። እሱ የእኔ ጉዳይ ነው፤ በፍርድዎ ሚዛን ውስጥ አያስገቡት።

መዲና ወረቀቷን መልሺልኝ ብላ በሰው ልካብኛለች። ለምን እንደምትፈልገው አልጠየቅሁም። ትናንት ልኬላታለሁ።

እቴ ሐዋን እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ፤ የላኩልኝ ቴምር ደርሶኛል፤ እጃቸው ይባረክ። ጀማልን አክስትህ በርታ ብላሃለች በሉልኝ። ፈቲያ ማንበብ እንደምትወድ ጽፈውልኛል፤ ከእኔ መደርደሪያ እስካሁን ምንም ያልላክሁላት ረስቼ አይደለም። አንዋርን ጆሮውን በዘይት አሙቃችሁ ያዙልኝ፤ ግንባሩን ሳሙልኝ። ለጎረቤታችሁ ለሐጂ ሰዒድና ለቤተሰባቸው ሰላም በሉልኝ። ከዚህ ሼህ ኑርሁሴን ሰላም ይሉዎታል፤ ስለ ወረቀቱ ገና አያውቁም። እናትዓለም ሰላም ብላዎታለች፤ አሁንም በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ደጅ ቆም ትላለች፤ «አለች?» ሳትል ታልፋለች።

ከሐሊማ ሰላምታ የለም። ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ጓዳ ገብቼ «ለአባትሽ አንድ መስመር ጻፊለት» አልኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በእሷ ስም «አባዬ ናፍቀኸኛል» ብዬ ልጨምርልዎት እችል ነበር፤ ጽሕፈቷንም አውቀዋለሁ፣ እርስዎም ደስ ይልዎ ነበር። አላደረግሁትም።

እህትዎ
ዘይነት

ባሕር ዳር
ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.